የአኳሪየም ፊልተር ሲታጠብ ዓሳው ለምን ይሞታል?

ሐዋሳ ውስጥ አኳሪየም ያለው ሰው ይህን ታሪክ ወይ አይቶታል ወይ ሰምቶታል። ቅዳሜ ጠዋት ነው። ውሃው ደፈረሰ ተብሎ አኳሪየሙ እንዳለ ይራገፋል። ጠጠሩ ይታጠባል፣ መስታወቱ ይፈተጋል፣ የፊልተሩ (የውሃ ማጣሪያው) ስፖንጅ ቧንቧ ስር ተይዞ ንጹሕ ውሃ እስኪወርደው ይጨመቃል። አንዳንዱ ለበለጠ ጥራት ኦሞም ነካ ያደርገዋል። ከዚያ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ማታ አኳሪየሙ ያብረቀርቃል። ሰኞ ዓሶቹ ውሃው ላይ ወጥተው አየር ይጎርሳሉ። ረቡዕ ሁለት ሦስቱ ሞተዋል። ጥፋቱም በሻጩ ይላከካል፦ «የታመመ ዓሳ ሸጠልኝ!»

ሻጩ ብዙ ጊዜ ከደሙ ንጹሕ ነው። ዓሳውን የገደለው ጽዳቱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓሳ አሞኒያ ያወጣል። ብዙ ሰው አሞኒያ ከኩሱ ብቻ የሚመጣ ይመስለዋል፤ ዋናው ግን የሚወጣው በስንጥቡ፣ በሚተነፍስበት አካል በኩል ነው። ስለዚህ ወለሉ ላይ አንዲት ቅንጣት ቆሻሻ ባትኖርም ውሃው ውስጥ አሞኒያ አለ። የተረፈ ምግብና የበሰበሰ ቅጠል ደግሞ ይጨምርበታል። ሐይቅ ውስጥ ያለ ቆሮሶ ይህ አያሳስበውም፤ ውሃው ሰፊ ነው። መቶ ሊትር የምትይዝ መስታወት ውስጥ ያለው ዓሳ ግን ካልተጠነቀቅንለት በራሱ ቆሻሻ ይመረዛል።

ከዚህ የሚያድኑት ባክቴሪያዎች ናቸው። አንዱ ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጣል። ናይትራይትም መርዝ ነው፤ የዓሳው ደም ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል፣ ደሙ ራሱ ወደ ቡናማነት ይሄዳል። ሌላው ወገን ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይቀይራል። ናይትሬትን ዓሳው በመጠኑ ይችለዋል፤ በየሳምንቱ የተወሰነ ውሃ የምንቀይረውም እሱ እንዳይጠራቀም ነው። ሁለተኛውን ሥራ የሚሠራው ናይትሮባክተር የሚባለው ነው ተብሎ ለረጅም ጊዜ ይታመን ነበር። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አኳሪየሞች ሲፈተሹ ግን ናይትሮስፒራ የሚባለው ሆኖ ተገኘ። በ2015 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ከናይትሮስፒራ ወገን ሁለቱንም ሥራ ብቻቸውን የሚጨርሱ እንዳሉ ታወቀ። አንዱ የተገኘው እዚያው ከዓሳ ማርቢያ ፊልተር ውስጥ ነው።

ስማቸው ቢረሳ ችግር የለም። የማይረሳው ጠባያቸው ነው። እነዚህ ፍጥረታት ውሃው ውስጥ እየዋኙ አይኖሩም፤ ስፖንጅ፣ ሴራሚክ፣ ጠጠር ላይ ተጣብቀው ስስ ሽፋን ሠርተው ነው የሚቀመጡት። ውሃው ሁሉ ቢቀየር ብዙ አይጎዳቸውም፣ ስፖንጁ ከተፈተገ ግን አለቀላቸው። ደግሞ ቀርፋፋ ናቸው። ኢ. ኮላይ የሚባለው የአንጀት ባክቴሪያ ከተመቸው በ20 ደቂቃ ውስጥ እጥፍ ይሆናል። እነዚህ ግን ግማሽ ቀን፣ አንዳንዴም ከአንድ ቀን በላይ ይፈጅባቸዋል። አዲስ ፊልተር በወጉ ለመሥራት ከ4 እስከ 6 ሳምንት የሚፈልገው ለዚህ ነው። በሳሙናና በፀሐይ የጸዳ ፊልተር ደግሞ አዲስ ፊልተር ማለት ነው።

የእንጀራ ቡሃቃ በሳሙና ተፈትጎ አይታጠብም፤ ግርጌው ላይ የቀረው እርሾ ነው ቀጣዩን ሊጥ የሚያቦካው። የፊልተር ስፖንጅም እንዲሁ ነው። የበዛው ይቀነሳል እንጂ ተሟጦ አይወጣም።

እዚህ ከተማ ለምን ይብሳል

ሐዋሳ ከባህር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ነች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅን ያንሳል። 25 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ጅቡቲ ላይ በሊትር 8 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን መያዝ ይችላል፤ እዚህ 6.7 አካባቢ ላይ ያቆማል። በአንድ አምስተኛ ቀነሰ ማለት ነው። ባክቴሪያዎቹ ደግሞ ኦክስጅን በላተኞች ናቸው፤ አሞኒያ ውስጥ ያለውን አንድ ግራም ናይትሮጅን ለመጨረስ አራት ግራም ተኩል ያህል ኦክስጅን ይፈጃሉ። አዳማም ከፍታዋ ተቀራራቢ ስለሆነ ይህ ለእነሱም ይሠራል። የአየር ፓምፕ እዚህ ጌጥ አይደለም።

ሌላው የውሃው ጠባይ ነው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ብዙ ውሃ ወደ አልካላይንነት፣ ማለትም ወደ አሲድ ተቃራኒ ያደላል፣ የሐዋሳ ሐይቅም እንደዚያው። አሞኒያ ደግሞ ፒኤች (የአሲድነትና የአልካላይንነት መለኪያ ቁጥር) ከፍ ባለ ቁጥር መርዙ ይከፋል። 25 ዲግሪ ላይ ፒኤቹ 7 ከሆነ ከጠቅላላው አሞኒያ መርዛማ መልክ ያለው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። 8 ላይ ከመቶ 5 ገደማ ይደርሳል። 8.5 ላይ ወደ 15 ይጠጋል። ስለዚህ አዲስ አበባ ያለ ጓደኛችሁ «እኔ በቧንቧ ውሃ አጥቤ ምንም አልሆነብኝም» ቢላችሁ እውነቱን ሊሆን ይችላል። የእሱ ውሃ ግን የእናንተ ውሃ አይደለም። ፒኤች መለኪያ ወረቀት ገዝቶ አንዴ መለካት ከክርክር ያድናል።

እሺ፣ እንዴት ይታጠብ?

መጀመሪያ ሶኬቱ ይነቀል፤ የሞተሩም የማሞቂያውም። እርጥብ እጅና መብራት ቀልድ አያውቁም። በርቶ ሳለ ከውሃ በላይ የቀረ ማሞቂያ ደግሞ መስታወቱ ይሰነጠቃል።

ከዚያ ባልዲ አቅርቡ። ለዓሳ ብቻ የተለየ፣ ሳሙና ነክቶት የማያውቅ ይሁን። በቀጭን ጎማ ከአኳሪየሙ ውስጥ አሥር ሊትር ያህል ውሃ ወደ ባልዲው ሳቡ። ሊደፋ የነበረው ይህ ውሃ ነው ማጠቢያችሁ። ሙቀቱ ያው ነው፣ ክሎሪን የለውም፣ ለባክቴሪያዎቹም እንግዳ አይደለም።

ስፖንጁን ስታወጡት ከስሩ ሳህን ያዙለት፤ ካልያዛችሁ እየተንጠባጠበ ጭቃውን መልሶ ውሃው ውስጥ ይበትነዋል። ባልዲው ውስጥ ነክራችሁ ሁለቴ ሦስቴ ጨመቅ ለቀቅ አድርጉት። ውሃው ወዲያው ይጠቁራል። ሽታውን ልብ በሉ። ዝናብ የነካው አፈር የሚሸት ከሆነ ፊልተሩ ጤነኛ ነው። የተበላሸ እንቁላል ከሸተተ ውስጡ አየር አጥቷል፤ እሱን ትንሽ ጠንከር አድርጎ ማጠብ ይገባል፣ ያም ቢሆን በአኳሪየም ውሃ። ልትመልሱት ስትሉ ስፖንጁ አሁንም ቡናማ መሆን አለበት። ነጭ ካደረጋችሁት አብዝታችኋል። የፈለግነው ውሃ እንዲያልፍ ቀዳዳዎቹን መክፈት ብቻ ነው።

ይህን የሰማ አንዳንድ ሰው ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ ይሄድና «ባክቴሪያ አለበት» ብሎ ጭራሽ መንካት ይተዋል። ይሄም አያዋጣም። የተጠራቀመው ጭቃ እየበሰበሰ ራሱ አሞኒያ ያመነጫል፤ ውሃውም የተደፈነውን ስፖንጅ ትቶ በጎን ሾልኮ ያልፋል።

መቼ ይታጠብ ለሚለው ቀን ከመቁጠር ፍሰቱን ማየት ይሻላል። ከፊልተሩ የሚወጣው ውሃ ሲደክም ጊዜው ደርሷል። ወርቃማ ዓሳ የሞላበት አኳሪየም በየሁለት ሳምንቱ ሊፈልግ ይችላል፤ ወርቃማ ዓሳ ብዙ ይበላል፣ ብዙም ያቆሽሻል። ጥቂት ጉፒ (ትንንሽ ዓሳ) ያለበት ወርና ከዚያም በላይ ይቆያል። ስፖንጁ ሁለት ከሆነ አንዱ ዛሬ፣ ሌላው ከሁለት ሳምንት በኋላ ይታጠብ። ጠጠሩን በምታጸዱበት ቀን ደግሞ ፊልተሩን አትንኩ፤ ጠጠሩም የባክቴሪያ መኖሪያ ነው።

የቧንቧ ውሃ ችግሩ ክሎሪኑ ነው። ክሎሪን የሚጨመረው ባክቴሪያ እንዲገድል ነው፤ ጠቃሚና ጎጂ ለይቶ አያውቅም። አፉ በተከፈተ ባልዲ አንድ ቀን ያደረ ውሃ አብዛኛውን ክሎሪን ይለቃል፣ የአየር ፓምፕ ከገባበትም ቶሎ ይለቃል። ክዳኑ የተዘጋ ሮቶ ውስጥ የዋለ ውሃ ግን «ቆይቷል» ተብሎ አይታመንም፤ ክሎሪኑ መውጫ የለውም። በተለይ ቤት ውስጥ ራሳችሁ የውሃ ማከሚያ ከጨመራችሁበት። ክሎራሚን የሚባለው ዓይነት ደግሞ በማሳደር ብቻ አይወጣም። ክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ ካገኛችሁ ብዙዎቹ ሶዲየም ታዮሰልፌት አለባቸው፣ ክሎሪኑን ወዲያው ያከሽፋል።

ሞተሩ ላይ እንደልባችሁ ሁኑ። የምትሽከረከረዋን ክንፍ አውጥታችሁ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትጉ። ነጭ ድንጋይ ከያዘባት ኮምጣጤ ውስጥ ትንሽ አቆይታችሁ በደንብ አለቅልቁ። እዚያ የሚጠበቅ ባክቴሪያ ብዙ የለም።

የቀረውን ጥቁር ውሃ ለአበባ ወይም ለጎመን አጠጡት፤ ማዳበሪያ ነው። ወደ ሐይቁ ወይም ወደ ቦይ አትድፉት፣ ዓሳም አትልቀቁ። የሐዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ የገባበት በሽታም ባዕድ ዓሳም እዚያው ይቀራል።

የትኛው ይታጠባል፣ የትኛው ይጣላል

ሱቅ ውስጥ «በየወሩ ይቀየር» የሚል ጽሑፍ ያለበት ማጣሪያ ታገኛላችሁ። ለሻጩ ጥሩ ምክር ነው። ለዓሳው ግን በየወሩ ሙሉውን አውጥቶ መጣል በየወሩ ከዜሮ መጀመር ነው። ስፖንጅ በጥንቃቄ ከተያዘ ለዓመታት ያገለግላል፤ የሚጣለው ሲፈርስ ወይም ተጨምቆ አልመለስ ሲል ነው። ያኔም አዲሱን ከአሮጌው ጎን አስገብታችሁ አብረው ወር ያህል ይቆዩ፣ ከዚያ አሮጌው ይውጣ። የሴራሚክ ቀለበቶችም አያረጁም። ባልዲ ውስጥ ወዘወዝ ማድረግ ይበቃቸዋል።

የትራስ ውስጥ የሚመስለው ነጭ ፋይበር ሥራው ደቃቅ ቆሻሻ መያዝ ነው። ስፖንጅ ወይም ሴራሚክ ሌላ ቦታ ካላችሁ እሱን ያለ ሐሳብ ጣሉት።

አክቲቭ ካርቦን (በፋብሪካ የተዘጋጀ ልዩ ከሰል) የተለየ ነው። መድኃኒት፣ ሽታና ቀለም ይይዛል፣ ሲሞላ ያበቃል፤ ብዙውን ጊዜ አንድ ወር አካባቢ። በድስት ቀቅሎ ወይም ኦቭን ውስጥ አድርጎ ማደስ ይቻላል የሚል ወሬ አለ፤ አይቻልም። ፋብሪካ የሚያድሰው ከ800 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀትና በእንፋሎት ነው፤ የማንም ቤት ምድጃ እዚያ አይደርስም። የቡና ማፍያ ከሰልም ምትክ አይሆንም፤ ያ ተራ ከሰል ነው፣ አመዱም ውሃውን ያበላሻል። ያረጀውን ካርቦን ካልጣላችሁት ባክቴሪያ ይሰፍርበትና እንደ ጠጠር ያገለግላል፣ ከዚያ በላይ ግን አትጠብቁበት። ለታመመ ዓሳ መድኃኒት ስትሰጡ ካርቦኑን አውጡት፤ አለዚያ መድኃኒቱን የሚወስደው እሱ ነው።

በእውነት ቤት ውስጥ የሚታደሰው ዜዮላይት ነው። አሞኒያ የሚስብ ድንጋይ ነው። ሲሞላ በደንብ በጨው በተበጠበጠ ውሃ ውስጥ አንድ ቀን ይነከራል፣ ጨው የያዘውን አሞኒያ ያስለቅቀዋል፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ ይታጠባል። ጨው ያስለቅቀዋል ካልን ዘንዳ፣ ዜዮላይት ያለበት አኳሪየም ውስጥ ጨው መጨመር አይገባም። የያዘውን ሁሉ ዓሳው ላይ ይተፋዋል።

በረኪና መቼ ይገባል?

ሁለት ጊዜ ብቻ። ያገለገለ ፊልተር ከሰው ስትገዙና አኳሪየሙ ውስጥ ክፉ በሽታ ገብቶ ዓሳው ሲያልቅ። በሚሠራ ፊልተር ላይ በጭራሽ።

ሽታና ቀለም ያልተጨመረበት ተራ በረኪና ውሰዱ። አንድ እጅ በረኪና ለዘጠኝ እጅ ውሃ፣ ለግማሽ ሰዓት። ይህ ለፕላስቲኩ፣ ለቱቦውና ለመስታወቱ ነው። ስፖንጁን ጣሉት፤ በረኪና ውስጡ ይደበቃል፣ ስፖንጅ ደግሞ ውድ አይደለም። ሴራሚክም ቀዳዳው ብዙ ስለሆነ ቶሎ አይለቅም፤ ደጋግሞ ማጠብ፣ ክሎሪን ማጥፊያ ባለበት ውሃ ውስጥ ማሳደር፣ ከዚያ ሽታው ጨርሶ እስኪጠፋ ፀሐይ ላይ ቀናት ማቆየት ያስፈልጋል። ፀሐይ ጠቃሚ የሆነችው እዚህ ብቻ ነው። በረኪናን ከኮምጣጤ ወይም ከሌላ አሲድ ጋር አታገናኙ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። በአሞኒያ ከተሠራ ማጽጃ ጋርም እንዲሁ።

ዓሶቹ እየከሱ፣ ጀርባቸው እየጎበጠ፣ ቁስል እያወጡ አንድ በአንድ ካለቁ የዓሳ ሳንባ ነቀርሳ የሚባለው ሊሆን ይችላል። የሚያመጣው ባክቴሪያ የማይኮባክቴሪየም ወገን ነው፣ ለማጽጃም ይጠነክራል። ማጣሪያውን ሁሉ መጣል ይሻላል። ይሄ ባክቴሪያ በተቆረጠ እጅ በኩል ሰው ቆዳ ላይም ቀስ ብሎ የሚድን እብጠትና ቁስል ያወጣል። እጃችሁ ላይ ጭረት ካለ ጓንት አድርጉ፣ ጓንት ከሌለ ሌላ ሰው ይጠብ። ጎማውንም በአፍ አትሳቡ። ሠርታችሁ ስትጨርሱ እጅ በሳሙና፤ ሳሙና የተከለከለው ለስፖንጁ ነው።

መብራት ሲጠፋ

ይሄ ሳይነሳ የሚያልፍ የፊልተር ጽሑፍ ለእኛ አልተጻፈም። መብራት ሲጠፋ ውሃው ይቆማል፣ ባክቴሪያዎቹ ባሉበት ኦክስጅኑን ይጨርሳሉ። ክፍት የሆነ የስፖንጅ ፊልተር ይታገሣል። ካኒስተር የሚባለው ዝግ ፊልተር ግን አየር ስለማይገባው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይታፈናል። ሌሊቱን ሙሉ ጠፍቶ ያደረ ካኒስተር ጠዋት መብራት ሲመጣ በራሱ ይነሳና ያንን የገማ ውሃ ዓሳው ላይ ይለቀዋል። ስለዚህ መብራቱ ከአንድ ሁለት ሰዓት በላይ የሚቆይ ከመሰላችሁ ሶኬቱን ንቀሉ፣ ክዳኑን ክፈቱ፣ ማጣሪያዎቹን አውጥታችሁ አኳሪየሙ ውስጥ አስቀምጡ። ዘግይታችሁ ከሆነ ከማብራታችሁ በፊት ውስጡ ያለውን ውሃ ድፉት። በፓወር ባንክ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ያለው ሰው ግማሽ ጭንቀቱ ቀለለለት። የሌለው በጆግ ውሃውን እየቀዳ ከፍ አድርጎ ይመልሰው፤ ይሠራል። መብራት በጠፋበት ቀን ዓሳ አይመገብ።

አንዴ ከሆነስ?

ስፖንጁን ያጠበላችሁ ሰው ቧንቧ ስር ፈትጎት ከሆነ አትደንግጡ። ለጥቂት ቀናት ምግብ አቁሙ፤ ጤነኛ ዓሳ ሳምንት ሳይበላ ይቆያል፣ ያልገባ ምግብ ደግሞ አሞኒያ አይሆንም። በየቀኑ ሩብ ወይም ሲሶ ውሃ ክሎሪኑ በወጣ ውሃ ቀይሩ። አየር ጨምሩ። ውሃው ነጭ ጉም ቢለብስ እንደገና ለማጠብ አትነሱ፤ ነጻ የሚዋኙ ሌሎች ባክቴሪያዎች ናቸው፣ በጊዜው ይጠራል። መለኪያ ያለው አሞኒያና ናይትራይት ሁለቱም ዜሮ እስኪሆኑ በየቀኑ ይለካ።

ሁሉን የሚያሳጥረው ግን ጤነኛ አኳሪየም ካለው ሰው ግማሽ ስፖንጅ መለመን ነው። ስፖንጁ ከሌላ ከተማም ሊመጣ ይችላል፤ ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ የግማሽ ቀን መንገድ ይችላል። ውሃ በሞላ ሃይላንድ ውስጥ ከድኖ መላክ ግን አየር ያሳጣዋል። እርጥብ ሆኖ፣ ብዙ አየር ያለበት ፌስታል ውስጥ፣ ከፀሐይ ርቆ ይምጣ።

ለባክቴሪያ ቤት የሚሆን ነገር ደግሞ ከውጭ ማስመጣት አያስፈልግም። ኮርቤቲን የመሰሉ እሳተ ገሞራዎች ዙሪያችንን ድንጋይ አፍስሰውልናል። ለመንገድና ለብሎኬት የሚጫነው ሬድ አሽ ወይም ነጣ ያለው ፑሚስ ቀዳዳው ብዙ ስለሆነ ለባክቴሪያ ይመቻል። ሲሚንቶ ከነካው ክምር አትውሰዱ፤ ሲሚንቶ ፒኤቹን ይሰቅለዋል። የባቄላ ፍሬ የሚያህሉትንና ከፍ ያሉትን ምረጡ፣ አቧራው እስኪያልቅ እጠቡ፣ ኮምጣጤ ጠብ አድርጉበትና አረፋ ካወጣ አትጠቀሙበት። ፑሚስ መጀመሪያ ይንሳፈፋል፤ ውሃ ጠጥቶ እስኪሰምጥ ቀናት ነክራችሁ አቆዩት። ከዚያ በመረብ ከረጢት አድርጋችሁ ከአሮጌው ስፖንጅ ጎን አስገቡት፣ አሮጌውንም ቢያንስ ወር ከግማሽ እዚያው ተዉት።